በሜሪላንድ እስር ቤቶች ጥቁሮች ለምን በዙ? ስለ ጅምላ እስርና ስለ ሰፈር መለያየት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ሜሪላንድ መኖር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ኮሌጅ የገባችው ልጄ የዛሬው የአሜሪካ እስር ቤት የድሮው የዘር መለያየት ቅጥያ ነው ትለኛለች። እኔ ደግሞ መለያየቱ በ1964 በሕግ ቀርቷል፣ የታሰረውም ወንጀል ሠርቶ ነው እላታለሁ። ማናችን ነን ትክክል? እኛን ስደተኞቹንስ ምን ያገባናል?»

ምላሽ

ልጅዎ በዋናው ነገር ልክ ናት። እርስዎም ያሉት ሐሰት የለውም፤ ዛሬ «ጥቁር ስለሆነ ይታሰር» የሚል ሕግ የለም፣ ከታሰሩትም ብዙዎቹ በእርግጥ ሰው የጎዱ ናቸው። ከሁለታችሁም ክርክር የጎደለው ሰፈር ነው። ሕጉ የሰውን ዘር መጥቀስ ተወ እንጂ የሚኖርበትን አድራሻ አልተወም፤ አድራሻውን ደግሞ አስቀድሞ በዘር የደለደለው ራሱ መንግሥት ነው። ይህን ሜሪላንድን ይዤ ላስረዳዎት፤ የሚኖሩበት ስለሆነ ቦታዎቹን ያውቋቸዋል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እናጥራ። እኛ «እስር ቤት» ብለን በአንድ ቃል የምንጠራው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ጄይል የካውንቲ ወይም የከተማ ማረፊያ ቤት ነው፤ በአብዛኛው ገና ያልተፈረደበትና አጭር ቅጣት ያለበት ሰው ይቆይበታል። ፕሪዝን የስቴት ወይም የፌዴራል ሲሆን ተፈርዶበት ረዘም ላለ ጊዜ የሚታሰር ሰው ይገባበታል። በዜና ሁለት ሚሊዮን ገደማ ሲባል ከሰሙ የሁለቱ ድምር ነው፤ 1.2 ሚሊዮን ከተባለ ፕሪዝን ብቻ ነው። ሁለቱን አቀላቅሎ የሚከራከር ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ቁጥር ሲጠቀስ «የየትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በ1972 በስቴትና በፌዴራል ፕሪዝኖች የነበረው ሰው 200,000 ገደማ ነበር። በ2009 ወደ 1.6 ሚሊዮን ደረሰ። እስረኛው ስምንት እጥፍ ሲሆን የአገሪቱ ሕዝብ የጨመረው በግማሽ ያህል ብቻ ነው። ወንጀል ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በግልጽ እየቀነሰ ሄዷል፤ የፕሪዝኑ ቁጥር ግን ከዚያ በኋላም ከ15 ዓመት በላይ ሽቅብ መውጣቱን አላቆመም። ስለዚህ «ወንጀል ስለበዛ እስረኛ በዛ» የሚለው የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በከፊል ቢያስረዳም የኋለኞቹን አያስረዳም። የተለወጠው ተይዞ የሚታሰረው ሰው መብዛቱና ቅጣቱ መርዘሙ ነው። ሁለቱም የሕግ አውጪዎችና የዐቃብያነ ሕግ ውሳኔ ውጤት ናቸው።

ወደ ዘሩ ስንመጣ፣ በ2022 መጨረሻ ከ100,000 ጥቁር አሜሪካውያን መካከል ከ900 በላይ የሚሆኑት ፕሪዝን ውስጥ ነበሩ፤ ከ100,000 ነጮች ግን 190 አይሞሉም። አምስት እጥፍ ገደማ ነው። በእርስዎ ስቴት ደግሞ ከሕዝቡ ጥቁር የሆነው ከአሥር ሦስት ገደማ ሲሆን ከፕሪዝን እስረኛው ከአሥሩ ሰባት ያህሉ ጥቁር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ከሕዝቡ ብዛት አንጻር ብዙ ሰው የሚያስሩት በአመዛኙ የደቡብ ስቴቶች ናቸው፤ በጥቁርና በነጭ መካከል ያለው ልዩነት የሚሰፋው ግን በሰሜኖቹ፣ በኒው ጀርሲ፣ በዊስኮንሲን፣ በአዮዋ፣ በሚኒሶታ ነው። ነገሩ የባርነት ውርስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተቃራኒውን እንጠብቅ ነበር።

የባርነቱን መስመር በአጭሩ ላንሣው፤ ልጅዎ ከክፍል ይዛ የመጣችው ይህን ይመስለኛል። በ1865 የጸደቀው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ባርነትን ሲሽር፣ በወንጀል ተፈርዶበት ለሚቀጣ ሰው ካልሆነ በስተቀር የሚል ቀዳዳ ትቷል። በዚያው ዓመት ሚሲሲፒ ሥራ የሌለውን ነፃ የወጣ ጥቁር በቦዘኔነት የምትከስበት ሕግ አወጣች። የተፈረደበትን ገንዘብ በአምስት ቀን ውስጥ ካልከፈለ፣ ሸሪፉ ቅጣቱን ለሚከፍልለት ሰው በጉልበት ሠራተኛነት ያከራየዋል። ቀጥሎ እስረኛን ለማዕድን ቆፋሪና ለእርሻ ባለቤት ማከራየት የብዙ ደቡብ ስቴቶች የገቢ ምንጭ ሆነ፤ አላባማ በ1898 ከስቴቱ ገቢ 73 በመቶ ያህሉን ያገኘችው ከዚህ ነበር፤ ያቆመችውም በ1928 ነው። «ቦዘኔ» የሚለው ቃል ሕግ ውስጥ ሲገባ ማንን ለማፈስ እንደሚያገለግል ከአገር ቤትም የምናውቀው ስለሆነ አላብራራም።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም ከአላባማ የከሰል ጉድጓድ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ባልቲሞር መድረስ አይቻልም፤ በመካከሉ ያለው ቤት ነው።

በ1910 ዓ.ም. በጋ ላይ ጆርጅ ማክሜካን የተባለ በየል የተማረ ጥቁር ጠበቃ፣ ነጮች ብቻ በሚኖሩበት የባልቲሞር ማኩሎ ጎዳና ወደሚገኝ ቤት ገባ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የከተማው ምክር ቤት በአሜሪካ የመጀመሪያ የሆነውን፣ ሰፈርን በዘር የሚከፍል ደንብ አወጣ። በደንቡ መሠረት የሚበዙት ነዋሪዎቹ ነጮች ወደሆኑበት ብሎክ ጥቁር ሰው መግባት አይችልም፤ ጥቁሮች ወደበዙበትም ነጭ እንዲሁ። ደንቡን የጣሰ ሰው ቅጣቱ እስከ 100 ዶላር ወይም በከተማው ጄይል ከ30 ቀን እስከ 12 ወር መታሰር ነበር። ልብ ይበሉ፤ በዚህች ከተማ ሰፈርና እስር ቤት ገና ከመነሻው በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፈው ነበር።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1917 ከሉዊቪል በመጣ ጉዳይ ላይ እንዲህ ያለውን ደንብ ሻረ። ክልከላው ግን ከከተማ ደንብ ወጥቶ ወደ ቤት ሽያጭ ሰነድ ገባ። ባልቲሞር ውስጥ ሮላንድ ፓርክና ጊልፎርድ፣ ከዋሺንግተን አጠገብ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በ20ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ የተሸነሸኑት መሬቶች «ለጥቁር አይሸጥም፣ አይከራይም» በሚል ግዴታ ነው የተሸጡት። ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ግዴታ ማስፈጸም ያቆሙት በ1948 ነው። በመሃሉ የፌዴራል መንግሥት መጣ፤ በ1937 የተሠራው የባልቲሞር የሞርጌጅ (የቤት ብድር) ካርታ የጥቁሮችን ሰፈሮች በቀይ ቀለም «አደገኛ» ብሎ መደባቸው፤ በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር ደግሞ ለከተማ ዳር አዳዲስ ሰፈሮች የብድር ዋስትና ሲሰጥ በዘር ያልተቀላቀሉ እንዲሆኑ ይመክር ነበር። ነጩ ቤት ገዝቶ ሀብት አፈራ፤ ጥቁሩ ባለበት በኪራይ ቀረ።

እርስዎ የጠቀሱት የ1964ቱ ሕግ ምግብ ቤትን፣ ሆቴልን፣ ሥራ ቅጥርን ሲያካትት የቤት ሽያጭንና ኪራይን አልነካም። ቤትን የነካው በኤፕሪል 1968፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ በሳምንቱ የተፈረመው ሕግ ነው፤ እሱም ቢሆን እስከ 1988 ድረስ ጥርስ አልነበረውም፤ የፌዴራሉ የቤቶች ሚኒስቴር ተከራካሪዎችን ከማስታረቅ ያለፈ ሥልጣን አልተሰጠውም ነበር። ኒክሰን በአደንዛዥ ዕፅ ላይ ዘመቻ ያወጁት በ1971፣ ኒው ዮርክ ከባዶቹን የዕፅ ሕጎቿን ያወጣችው በ1973 ነው። ማለትም የቅጣቱ ማዕበል የመጣው ሰፈሮቹ ገና በዘር እንደተለያዩ ሳሉ ነው። በ2005 እንኳ አንድ የፌዴራል ዳኛ የቤቶች ሚኒስቴሩ ባልቲሞርን የአካባቢውን ድሆች ሁሉ ማጠራቀሚያ አድርጎ ይዟታል ሲል በፍርዱ ላይ አስፍሯል። ይህ ከ1964ቱ ሕግ 41 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

አሁን ዘዴው እንዴት እንደሚሠራ። ፖሊስ ሰውን መንገድ ላይ ለማስቆም በ1968ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ «ምክንያታዊ ጥርጣሬ» ያስፈልገዋል። በ2000 ዓ.ም. ከቺካጎ በመጣው የዋርድሎው ጉዳይ ላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ወንጀል በሚበዛበት አካባቢ ያለ ሰው ፖሊስ አይቶ ያለምክንያት ከሮጠ ያ ለጥርጣሬ ይበቃል አለ። እንግዲህ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ አንድ ወጣት ፖሊስ አይቶ ቢሮጥ ሮጠ ነው፤ ምዕራብ ባልቲሞር ላይ ቢሮጥ የሰፈሩ ስም ተጨምሮበት ተጠርጣሪ ነው። ፍሬዲ ግሬይ በኤፕሪል 2015 የተያዘው በዚሁ መንገድ ነው፤ ፖሊሶችን አይቶ ሮጠ፣ ተያዘ፣ በፖሊስ መኪና ሲወሰድ አከርካሪው ተጎድቶ በሳምንቱ ሞተ።

ከእሱ ሞት በኋላ የፍትሕ ሚኒስቴሩ ያደረገው ምርመራ በኦገስት 2016 ወጣ። ከዚያ ሪፖርት ሁለት ቁጥር ይዘን እናስላ። ፖሊስ መንገደኛ ካስቆመባቸው ጊዜያት 44 በመቶ ያህሉ የከተማው 11 በመቶ ሕዝብ ብቻ በሚኖርባቸው ሁለት ትንንሽ፣ ጥቁሮች በብዛት በሚኖሩባቸው የፖሊስ ቀጠናዎች ነበር። 44ን ለ11 ሲያካፍሉ 4 ይሆናል። በቀሪው ከተማ 56 በመቶው ለ89 በመቶ ሕዝብ ሲደርስ 0.63 ገደማ ነው። 4ን ለ0.63 ያካፍሉ፤ በነፍስ ወከፍ ከስድስት እጥፍ በላይ ነው። ካስቆሟቸው ሰዎች መካከል የተያዘው ወይም የቅጣት ወረቀት የተሰጠው ደግሞ 3.7 በመቶ ብቻ ነው። በሃምሳዎቹ አጋማሽ ያለ አንድ ጥቁር ሰው አራት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 30 ጊዜ ሲቆም አንድም ጊዜ አልተከሰሰም።

ሁለት ወጣቶች እኩል ማሪዋና ያጨሳሉ እንበል፤ አንዱ ከፍተሻው ቀጠና፣ ሌላው ከውጭ። የመጀመሪያው የመያዝ ዕድሉ ስድስት እጥፍ ነው። ሲያዝ ሪከርድ ይከፈትበታል። ቀጥሎ በሌላ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ዳኛው የሚመራበት የቅጣት ሠንጠረዥ «ቀደም ሲል የተፈረደበት» የሚል ዓምድ አለውና ለዚያው ጥፋት ረዘም ያለ ቅጣት ያገኘዋል። ዳኛው ለዘር ዓይኑን የጨፈነ ቅን ሰው ሊሆን ይችላል፤ ሠንጠረዡ የሚነግረው የሪከርዱን ቁጥር እንጂ የፍተሻውን ቁጥር አይደለም። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ በዚህ ደረጃ ላይ ለማየት አይቻልም። ብዙ ሰው ዳኛው ዘረኛ መሆኑን ብቻ ሲያጣራ ነገሩ የሚያመልጠው ለዚህ ነው።

ሰፈር በቀጥታ ቅጣት የሚሆንበትን ምሳሌ ከኒው ጀርሲ ላምጣ፤ እንደዚህ ጥርት ያለ ስለማላውቅ ነው። ስቴቱ በ1987 ባወጣው ሕግ ከትምህርት ቤት በ1,000 ጫማ፣ ማለትም በ305 ሜትር ውስጥ ዕፅ የሚሸጥ ሰው ተጨማሪ አስገዳጅ ቅጣት ይጠብቀው ነበር። ሕፃናትን ለመጠበቅ የወጣ ሕግ ነው፣ ማን ይቃወመዋል? ግን ክቡን በካርታ ላይ ይሳሉት። ጥቅጥቅ ባለ ከተማ ትምህርት ቤቶች ስለሚቀራረቡ ክቦቹ ይደራረባሉ፤ ኒውዋርክ ውስጥ የከተማው ሦስት አራተኛ ያህሉ ክቡ ውስጥ ወደቀ። ሰፋፊ ግቢ ባለባቸው የነጮች ከተሞች ግን ጥቂት ቁራሽ መሬት ብቻ። የስቴቱ የቅጣት ጉዳዮች ኮሚሽን ሲያጣራ በዚህ ሕግ ከተቀጡት 96 በመቶዎቹ ጥቁሮችና ላቲኖዎች ሆነው ተገኙ። ሻጩ ከክቡ ልውጣ ቢል እንኳ መውጫ ስለሌለው ሕጉ ልጆችንም አልጠበቀም። በ2010 ለዳኞች የማቅለል ሥልጣን ሰጥተው አሻሻሉት።

የፌዴራሉ የክራክ (የሚጨስ የኮኬይን ዓይነት) ሕግ የተወለደው እርስዎ ሰፈር ነው ማለት ይቻላል። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲው የቅርጫት ኳስ ኮከብ ሌን ባያስ በጁን 1986፣ በቦስተን ሴልቲክስ በተመረጠ በሁለተኛው ቀን፣ በኮኬይን ሞተ። የወሰደው ዱቄቱን ነው፤ በወቅቱ ግን ክራክ ነው የሚለው ወሬ ነበር የገነነው። ኮንግረሱ በአራት ወር ውስጥ ለ5 ግራም ክራክና ለ500 ግራም ዱቄት ኮኬይን እኩል አምስት ዓመት መነሻ ቅጣት ደነገገ። አምስት ግራም ማለት ሁለት የስኳር ፓኬት የማይሞላ ነው። ክራክ በጥቁሮች ሰፈር ጎዳና ላይ የሚሸጥ ስለነበር መቶ እጥፉ የወደቀው እዚያ ነው። በ2010 ወደ 28 ግራም፣ ማለትም ወደ 18 እጥፍ ዝቅ ብሏል፤ እስካሁን እኩል አልሆነም።

የተከሰሰው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ክርክር አያይም። በስቴት ፍርድ ቤቶች ከሚፈረዱት 94 በመቶ ያህሉ የሚያልቁት በድርድር፣ ጥፋተኛ ነኝ በማለት ነው። ዋስትና መክፈል ያልቻለና ጄይል የከረመ ሰው «ዛሬ ፈርም፣ ዛሬ ውጣ» ሲባል ይፈርማል። ሜሪላንድ ይህን አይታ በ2017 ዳኞች ሰው የማይችለውን የዋስትና ገንዘብ እንዳይጠይቁ ደንብ አወጣች፤ ውጤቱ ግን ጠማማ ሆነ፤ ብዙ ዳኞች ገንዘቡን ከመቀነስ ይልቅ ጭራሽ ዋስትና መከልከል አበዙ። ጠበቆች «ገንዘብን ማንሣት ብቻውን አይበቃም» የሚሉት ከዚህ ተምረው ነው።

አሁን የእርስዎን ጠንካራ ነጥብ ልመልስ፤ ልጅዎ ምናልባት ያልሰማችው ነው። በስቴት ፕሪዝኖች ካሉት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የታሰሩት በግድያ፣ በዝርፊያ፣ በድብደባ፣ በመድፈር ነው። በዕፅ ብቻ የታሰረው ከሰባት አንድ ገደማ ነው። ነገ የዕፅ እስረኛው በሙሉ ቢፈታ የጥቁሮቹ ድርሻ ብዙም አይለወጥም። «ሁሉም በማሪዋና ነው የታሰሩት» የሚል ሰው ክርክሩን ራሱ ያበላሸዋል።

ግን ግድያው የሚፈጸመው የት ነው? ድህነት ከሁለትና ሦስት ትውልድ በላይ በአንድ ቦታ ታጉሮ በቆየበት፣ ፋብሪካው በተዘጋበት፣ ገዳዩ ሳይያዝ ስለሚቀር ሰዎች በራሳቸው ብድር የሚመላለሱበት ሰፈር ነው። በእነዚህ ሰፈሮች የሚኖሩ እናቶች ከማንም በላይ ፖሊስ ሲለምኑ ኖረዋል። በጎረቤታችን ዋሺንግተን በ1982 አብዛኛው ጥቁር የሆነው መራጭ አስገዳጅ መነሻ ቅጣትን በድምፁ አጽድቋል። የተጨነቀ ሰው ነበር፤ ሥራም፣ ትምህርት ቤትም፣ ሕክምናም ጠይቆ ነበር፤ በበጀት የመጣለት እስሩ ብቻ ሆነ። ይህን ለመካድ አያስፈልግም፤ መለያየቱ ወንጀሉንም ቅጣቱንም በአንድ ቦታ ማከማቸቱን ነው የሚያሳየው።

የቅጣቱ ርዝመትም ሌላ ነገር ነው። የሜሪላንዱ ገዢ ፓሪስ ግሌንደኒንግ በ1995 «ዕድሜ ልክ ማለት ዕድሜ ልክ ነው» ብለው የአመክሮ ፍቺ መፈረም አቆሙ፤ ገዢው ሳይፈርም ዕድሜ ልክ የተፈረደበት አይወጣም የሚለው አሠራር የተነሣው በ2021 መጨረሻ ነው። በመሃሉ በ2012 የስቴቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአንገር ጉዳይ ላይ ከ1980ዎቹ በፊት ለጁሪ (ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም ብለው ለሚወስኑ ተራ ዜጎች) ይሰጥ የነበረው መመሪያ ስሕተት ነበር ስላለ፣ በግድያና በመድፈር ተፈርዶባቸው ከ30 እና ከ40 ዓመት በላይ የታሰሩ ወደ 200 የሚጠጉ ሽማግሌዎች ተፈቱ። አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። እንደገና ወንጀል የሠሩት ከመቶ ሦስት አይሞሉም። ስልሳ ዓመት ያለፈውን ሰው አስሮ ማቆየት ሰፈሩን ከምን እንደጠበቀው እስካሁን የሚያስረዳ የለም።

ከእስር በኋላ ሰፈሩ ምን ይሆናል? ከሜሪላንድ ፕሪዝን እስረኞች አንድ ሦስተኛው ከባልቲሞር የመጡ መሆናቸው በ2010 ተቆጥሯል፤ ከተማዋ የስቴቱ ሕዝብ አንድ አሥረኛ ብቻ ናት። ፍሬዲ ግሬይ ካደገበት ከሳንድታውን ዊንቸስተርና ከጎረቤቱ ሃርለም ፓርክ ብቻ ከ400 በላይ ሰዎች ታስረው ስቴቱ በዓመት 17 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር። ገንዘቡ የሚወጣው ለሰፈሩ ነው፤ የሚደርሰው ግን እስር ቤቱ ላለበት ገጠር ከተማ ነው። ቆጠራውም እንዲሁ። የሕዝብ ቆጠራ እስረኛን የሚቆጥረው በታሰረበት ቦታ ነው። በምሥራቃዊው ዳርቻ ሰመርሴት ካውንቲ ጥቁሮች የራሳቸውን ተወካይ እንዲመርጡ ተብሎ በፍርድ ክርክር የተቋቋመ የምርጫ ወረዳ ነበር፤ ትልቁ ፕሪዝን እዚያው ስለተሠራ ከወረዳው ሰው አብዛኛው መምረጥ የማይችል እስረኛ ሆነ። በወረቀት የጥቁሮች ወረዳ፣ በምርጫ ሣጥን ግን ያልሆነ። ሜሪላንድ በ2010 ሕግ አውጥታ እስረኛ ለምርጫ ወረዳ ሲባል በቀድሞ አድራሻው እንዲቆጠር ያደረገችው ይህን አይታ ነው።

የተፈታው ሰው ደግሞ ቤትና ሥራ ይፈልጋል። በ2002 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኦክላንድ ጉዳይ የመንግሥት ኪራይ ቤት ነዋሪ የሆነች አያት፣ ልጇ ወይም የልጅ ልጇ ዕፅ ይዞ ቢገኝ፣ ባታውቅም ልትባረር ትችላለች ብሎ ፈርዷል። ስለዚህ ልጁ ሲፈታ እናቱ ቤቷ ማስገባት ያስፈራታል። ሥራን በተመለከተ ዴቫ ፔጀር የተባሉት የሶሺዮሎጂ ምሁር በ2001 ሚልዋኪ ላይ ያደረጉት ሙከራ አለ፤ እኩል የተዘጋጁ ወጣቶችን ለሥራ እንዲያመለክቱ ላኩ። ሪከርድ የሌለው ነጭ 34 በመቶ፣ ሪከርድ ያለው ነጭ 17 በመቶ፣ ሪከርድ የሌለው ጥቁር 14 በመቶ፣ ሪከርድ ያለው ጥቁር 5 በመቶ ተጠሩ። መካከለኛዎቹን ሁለት ቁጥሮች ደግመው ይዩአቸው። ታስሮ የማያውቅ ጥቁር፣ ታስሮ ከወጣ ነጭ ያነሰ ዕድል አለው። በጎዳናው የሚታሰረው ሲበዛ ያልታሰረውም በታሰረው ይገመታል፤ እስሩ መለያየቱን መልሶ የሚያጠናክረው በዚህ ነው።

እኛን ምን ያገባናል ላሉት፣ መጀመሪያ የሚነካዎት ነገር ይኸውና፤ ፖሊሱ ከመንገድ ሲያስቆም «ይኼኛው ከጎንደር ነው» ብሎ አይለይም። ልጆቻችን በዚህ ቁጥር ውስጥ ናቸው። በእኛ ላይ ደግሞ አንድ ንብርብር ይጨመራል፤ መባረር። ዜግነት ላልወሰደ ሰው፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም፣ የ1996ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ በስርቆትና በኃይል ወንጀሎች አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ የተፈረደበትን ከከባዶቹ ጥፋተኞች ይመድበዋል። በገደብ ተወስኖ አንድ ቀን ባይታሰር እንኳ ይቆጠራል። 365 ቀን በገደብና 364 ቀን በገደብ መካከል ያለው ልዩነት አገር ነው።

ስለዚህ ልጅዎ ወይም የሚያውቁት ሰው ቢከሰስ፣ ከመፈረሙ በፊት ጠበቃውን «ይህ ቃል በኢሚግሬሽኔ ላይ ምን ያመጣል?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 በፓዲያ ጉዳይ ይህን መንገር የጠበቃ ግዴታ ነው ብሏል፤ መንግሥት የመደበው ጠበቃም ቢሆን። በተለይ ሜሪላንድ ውስጥ «ፒ ቢ ጄ» የሚባለው ያሳስታል። ዳኛው ፍርድ ሳያሳርፍ በክትትል ስለሚለቅ ሰው «አልተፈረደብኝም» ብሎ ደስ ብሎት ይወጣል፤ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ከሆነ ግን ኢሚግሬሽን እንደ ፍርድ ይቆጥረዋል። ስቴቱ የጥፋተኝነት ቃል ሳይሰጥ ፒ ቢ ጄ የሚገኝበትን መንገድ በሕግ ከፍቷል፤ ጠበቃው በዚያ መንገድ እንዲሄድ ይጠየቅ። ማሪዋናም በሜሪላንድ ከጁላይ 2023 ጀምሮ ለአዋቂ ተፈቅዷል፤ ኢሚግሬሽን የሚሠራው ግን በፌዴራል ሕግ ስለሆነ ዜግነት ለማግኘት ፎርም የሞላ ሰው «አጨሳለሁ» ቢል ይጎዳዋል።

ከልጅዎ ጋር ሆነው አንድ ነገር ይሞክሩ። የሜሪላንድ የመሬት መዝገብ በኢንተርኔት ተመዝግቦ በነፃ ይታያል። የቤታችሁን፣ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የምታውቁትን አሮጌ ቤት፣ የሽያጭ ሰነድ አውጡ። እያንዳንዱ ሰነድ ከእሱ በፊት የነበረውን የመዝገብ ቁጥርና ገጽ ይጠቅሳል፤ ያንን እየተከተላችሁ ወደኋላ ውረዱ። መሬቱ መጀመሪያ ከተሸነሸነበት፣ ከ1920ዎቹና ከ1940ዎቹ መካከል ካለው ሰነድ ስትደርሱ የግዴታዎቹን ዝርዝር አንብቡ። ብዙ ጊዜ ከአጥሩ ቁመትና ከእንስሳት እርባታ ክልከላው ቀጥሎ ይገኛል፤ ከነጭ በቀር ማንም በዚህ ቤት አይኖርም፣ በቤት ሠራተኛነት ካልሆነ በስተቀር ይላል።